እናቴ እና የጂፑ መሪ

የሞቀ የሞተር ዘይት ሲሸተው ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔን ግን ያስቆመኛል። ሰሞኑን በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና፣ ደብረ ታቦር ወደሚገኘው ቤታችን ጓሮ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ኮፈኑን ከፍቶ ወደቆመው ጂፕ መልሶ ወሰደኝ። የዚያ ጂፕ ሾፌር እናቴ ነበረች።

ዘመኑ የደርግ ነው። እናቴ ከጤና ጽሕፈት ቤት ክትባትና መድኃኒት እየጫነች በየወረዳው ታደርስ ነበር። መንዳት ያስተማራት አባቴ ሲሆን፣ እሱ ራሱ በመንገድ ሥራ ጋራዥ መካኒክ ነበር። የከተማው ሰው መጀመሪያ ላይ ሴት መሪ ይዛ ሲያይ ቆም ብሎ ይገረም ነበር አሉ፤ እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ ግን ለምዶት፣ እኔንም «የሾፌሯ ልጅ» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ ይህንንም ስም ከወጣልኝ ስም አብልጬ እወደው ነበር። ጂፑ ዳገት አይፈራም፣ ጭቃ አይመርጥም፤ መሪው ግን ከባድ ነበር። ጠባብ መታጠፊያ ሲያጋጥማት እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ በክንዷም በትከሻዋም እየገፋች ታዞረው ነበር፤ ከመስክ ስትመለስም ክንዷን በቅቤ አሽላት ነበር።

በአንዱ ክረምት፣ የቡሄ ሰሞን፣ ከእብናት ስትመለስ የፊት ጎማው ጎርፍ ካወረደው ድንጋይ ጋር ተጋጨና መሪው ከእጇ አምልጦ በኃይል ሲሽከረከር የቀኝ እጇን አንጓ ሰበረው። አብራት የነበረችው ነርስ በኋላ እንደነገረችን፣ እናቴ በግራ እጇ መሪውን አንቃ ይዛ መኪናውን ከገደሉ አፍ መልሳ አቆመችው፤ ከዚያም ወርዳ መንገዱ ዳር ተቀምጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ክትባቱ ሳጥን ነበር። ወጌሻው እጇን በቀርከሃ አስረውላት ሲያበቁ፣ አጥንቱ እንደሚገጥም፣ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው ይመለሳል ብለው ሊዋሿት እንደማይፈልጉ ነገሯት።

እንዳሉትም ሆነ። መስከረም ሲጠባ ማሰሪያው ተፈታ፤ አንጓው ገጥሟል፣ እጇ ግን እርጥብ ጨርቅ እንኳ አጥብቆ መጭመቅ አልቻለም። ኃላፊዋ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩና ቤታችን ድረስ መጥተው፣ መጋዘኑን እንድትረከብ፣ ጂፑን ግን ከጎንደር የሚመደብ ሌላ ሾፌር እንደሚይዘው በለሰለሰ አነጋገር ነገሯት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያንን መንገድ በአንድ እጅ መንዳት ሰው መግደል ነው ብለው ስላመኑ ነው። እናቴ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸውና፣

«ጓድ፣ መሪው ቢቀልስ?» አለቻቸው።

እሳቸው አልገባቸውም። አባቴ ግን የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ ቀና ብሎ አያት። በጋይንት መንገድ ተገልብጦ የቀረና እንደ ብረት ቁራጭ የተጣለ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በሥራ ቦታው ግቢ እንዳለ፣ የዚያ መኪና መሪ በዘይት ኃይል ይታገዝ እንደነበር አስረዳቸው። ሞተሩ ቺንጋ በሚሉት የላስቲክ ቀበቶ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በቱቦ እየገፋ ከፊት ጎማዎቹ ጋር ወደተያያዘ ፒስተን ይልከዋል፤ ሾፌሩ አቅጣጫውን ካሳየ ጎማውን የሚገፋው ዘይቱ ነው። ኃላፊው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ አዲሱ ሾፌር እስኪመጣ ጂፑ መቆሙ ስለማይቀር እንዲሞክሩ ፈቀዱላቸው፤ ሲወጡ ግን ንብረቱ የመንግሥት መሆኑን አስታወሷቸው። በዚያ ዘመን የመንግሥት መኪና አበላሽቶ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ማንም አይጠፋውም ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር በብየዳ ሽታ አለፉ። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ አስፈቅዶ ያመጣው ፓምፕ ለትልቅ ሞተር የተሠራ ስለነበር በጂፑ ሞተር ላይ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህ ማቀፊያ ብረት ቆርጦ ይበይዳል፣ ቺንጋው እየሸሸ ሲወጣበት ነቅሎ እንደገና ይበይዳል። ፒስተኑን ከሥር ሲገጥመው ደግሞ መኪናው በጉድጓድ ሲወርድ ክብደቱን ከሚሸከመው የብረት ባሌስትራ ጋር ይጋጭ ነበርና አውርዶ ሌላ ቦታ ፈለገለት። እናቴ በግራ እጇ ብሎኖቹን በናፍጣ እያጠበች፣ መንገዱ የት ላይ ምን እንደሚያደርግ እሱ ከሚያውቀው በላይ ታውቅ ነበርና «እዚህማ ድንጋይ ይመታዋል» እያለች ታሠራዋለች። ጎረቤቶች በአጥር ላይ እያዩ፣ እነዚህ ሰዎች በገዛ እጃቸው እስር ቤት ሊገቡ ነው ይሉ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ተገጥሞ አለቀ። አባቴ የጂፑን ፊት በክሪክ አንሥቶ ዘይቱን ሞላና ሞተሩን አስነሣ። እናቴ ገብታ መሪውን በቀስታ ወደ ቀኝ ነካ ስታደርገው፣ መሪው በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ተሽከርክሮ ድው ብሎ ቆመ። እጇን በፍጥነት ባታነሣ ኖሮ ሁለተኛውም አንጓ ይሄድ ነበር። አባቴ ሞተሩን አጠፋና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ይቅርብን፤ ፈትቼ እንደነበረው ልመልሰው» አላት።

እናቴ ከመቀመጫዋ አልወረደችም።

«ኃይሉንማ አየኸው እኮ። መግፋቱን ገፍቷል፤ የገፋው በተቃራኒው ነው እንጂ» አለችው።

አባቴ ከጂፑ ሥር አጎንብሶ ቱቦዎቹን አየና ሳቀ፤ እኔም ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ወደ ፒስተኑ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች አቀያይሮ ገጥሟቸው ነበር። ቦታቸውን አለዋውጦ ገጠማቸውና እናቴ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እየመላለሰች አዞረችው፤ ዘይቱ መጀመሪያ አረፋ ደፈቀ፣ አየሩ ሲወጣለት ረጋ። በመጨረሻ እናቴ የግራ እጇን አነሣችና የታመመውን መዳፏን ብቻ መሪው ላይ አሳርፋ አዞረችው። ጎማዎቹ ታዘዙ። ደግማ ደጋግማ ታዞረው ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ኃላፊው ክትባቱን አስጭነው ራሳቸው ከጎኗ ተቀምጠው እብናት ሄዱ። እኔና አባቴ ከከተማው መውጫ ቆመን ስንጠብቃቸው፣ እሱ የማያጨስ ሰው ሲጋራ ለምኖ አጨሰ። ጂፑ አቧራ ለብሶ ሲመጣ ኃላፊው ወርደው ልብሳቸውን አራገፉና፣ እጇ የተሰበረበት መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበርና ሲገልጡ ማለፋቸውን እንዳዩ ለአባቴ ነገሩት።

«ከጎንደር ሾፌር አልፈልግም ብዬ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

በሚቀጥለው ክረምት ሐምሌ በጭቃው ላይ ሲዘንብ እናቴ ስትነዳ ነበር። ሌሎች ሾፌሮች ወደ ቤታችን እየመጡ ከጂፑ ሥር ተኝተው ያዩ ነበር፤ አባቴም ሲያስረዳ «እኛ የገጠምነው» እንጂ «እኔ የገጠምሁት» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ዛሬ አባቴ የለም፤ እናቴም እኔ ዘንድ ባሕር ዳር ናት። እኔም መኪና እነዳለሁ፤ መሪው በአንድ ጣት ይዞራል፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እንዲያው ነው፣ ማን ለማን ብሎ እንደደከመበት ግን አላውቅም። ወደ ደብረ ታቦር ስንሄድ እናቴ ከጎኔ ትቀመጣለች። አስፋልቱ ለስላሳ ነው፤ መታጠፊያ ሲቃረብ ግን ጭኗ ላይ ያረፉት እጆቿ ከእኔ እጆች ቀድመው ይዞራሉ፤ እኔም ፍጥነቴን እቀንስላታለሁ።