ጋሽ ጠሀ እየሰሙ ነው

ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ፣ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ በሚሸጥበት መስመር ላይ፣ አንድ ዓይነ ስውር ሎተሪ ሻጭ በዱላው መሬቱን እየነካካ ሲመጣ አየሁ። አረማመዱ መንገዱን ለዓመታት የሚያውቅ ሰው አረማመድ ነው። ያን ዕለት ግን አንዱ ባለሱቅ ሰው የሚያህል ስፒከር በር ላይ አውጥቶ ይለቀው ስለነበር፣ ሰውየው መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ጋሪው ከየት እንደሚመጣ፣ ተሸካሚው "ዞር በል" የሚለው በየት በኩል እንደሆነ መለየት አልቻለም። ዱላውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

ልሻገርና እጁን ልይዘው ስል፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ከሱቁ ጥግ ተነሡ። ባለሱቁን ሳያስፈቅዱ እጃቸውን ዘርግተው ድምፁን ዝቅ አደረጉት።

"ጋሽ ጠሀ፣ ገበያዬን ሊዘጉብኝ ነው?" አለ ባለሱቁ እየሳቀ።

"ዝም በል። ሰውየው መንገዱን እየሰማ ነው" አሉት።

ዓይነ ስውሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ ቆየ። ጋሪው አለፈ። ከዚያ መንገዱን አገኘና ሄደ፤ ማን እንደረዳው አላወቀም፣ እንደተረዳም አላወቀም። ሽማግሌው እስኪርቅ በዓይናቸው ሸኙት፤ ድምፁን ወደነበረበት መልሰውም ተቀመጡ። ሰው ሳያየው የሚሠራ ደግነት ዓይኔ ላይ ስለጣለልኝ በልቤ አምላኬን አመሰገንኩ።

ጋሽ ጠሀን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው። እኔ ክርና የልብስ ቁልፍ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ሱቄ ከእሳቸው መስመር ብዙም አይርቅም። በኋላ ነው መርካቶ ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ የሰማሁት።

ጋሽ ጠሀ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ ሬዲዮና ቴፕ በመጠገን ነው የኖሩት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጥገናውን ተዉት፤ ጆሯቸው ግን ሥራ አላጣም። በእኛ አገር ትልቁ ድምፅ ማጉያ ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ሞንታርቦ ነው የሚባለው፤ አንድ ስም ገበያው አንዴ ካመነው የዕቃው ስም ሆኖ ይቀራል። ሄልማር የሚባለው ግን እንዲያ በሰው ሁሉ አፍ የገባ ስም አይደለም። ባለጸጎች ለቤታቸው የሚፈልጉት፣ በትንሽ በትንሹ የሚገባ ስፒከር ነው። ስሙ የከበረ ስለሆነ ፎርጅዱ በዛ። ሳጥኑም አንድ ነው፣ ፊቱ ላይ በነሐስ የተጻፈውም አንድ ነው። ስለዚህ ገዢ ሄልማር አገኘሁ ሲል፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጋሽ ጠሀን ይዞ ይመጣል።

ሥራቸው ሲጀመር አንድ ሰው መሀል መንገድ ላይ ቆሞ "ጋሽ ጠሀ እየሰሙ ነው" ይላል። ያን ጊዜ ሱቁ ሁሉ በየተራ ድምፁን ያጠፋል። ተፎካካሪም ቢሆን ያጠፋል፤ ነገ የእሱ ዕቃ ሲሰማ ጎረቤቱ ያጠፋለታልና። ከመርካቶ ሁሉ ጩኸት የሚበዛበት ያ መስመር ጸጥ ሲል፣ ቆርቆሮው ላይ ርግብ ስትራመድ ይሰማል። ጋሽ ጠሀ ለስፒከሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

የሚያሰሙት ዘፈን አይደለም፤ የባለቤታቸው የእትዬ ራዲያ ድምፅ ነው። እትዬ ራዲያ በርበሬ በረንዳ ቅመም ይሸጡ ነበር። ጋሽ ጠሀ አንድ ቀን አዲስ ማይክራፎን ሊሞክሩ ይዘው ሄደው፣ ሚስታቸው ለደንበኛ እየሰፈሩ የሚጠሩትን ቀዱ። ካሴቱ በኋላ ወደ ፍላሽ ተገልብጧል። "ኮረሪማ... ጥቁር አዝሙድ... ነጭ አዝሙድ... ቅርንፉድ..." ይላሉ እትዬ ራዲያ፣ በዜማ እንደመጎተት አድርገው። ከቅርንፉድ ቀጥሎ አንዴ ይተነፍሳሉ። ከትንፋሹ ኋላ እጃቸው ወደ ጆንያው ሲገባ፣ የብር አምባሮቻቸው እርስ በርስ ተነካክተው በቀስታ ይንቃጨላሉ። መጨረሻ ላይ "አጥፋው እንግዲህ፣ ሰው ሳቀብን" ብለው ራሳቸው ይስቃሉ።

ተራው ስፒከር አምባሩን ይውጠዋል። ፎርጅዱ እንደ ጣሳ ያንኳኳዋል። እውነተኛው ሄልማር ላይ ግን ብር መሆኑ ይታወቃል። ይህንን የሚለኩት ድሮ ቤታቸው ባለው ጥንድ ሄልማር ሰምተው በልባቸው ከያዙት ጋር ነው፤ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑለት የነበረ አንድ አርመናዊ አገር ሲለቅ የተወላቸው ነው። ሰምተው ሲጨርሱ ብዙ አይናገሩም። አምባሩን ካገኙት "አለች" ይላሉ። ካላገኙት "የለችም"። መስመሩ ከዚያ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ለአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሲፈልግ፣ እኔ ነበርኩ ወደ እሳቸው የሄድኩት።

"ለራጉኤል ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሽ ጠሀ።"

"እንግዲያውስ በደንብ ልስማው። ጎረቤት ነን፤ መጥፎ ከገዛችሁ መስጊድ ተቀምጬ የምቀጣው እኔ ነኝ።"

ሄልማር የመግዛት አቅም አልነበረንም። በአቅማችን ያለውን ሰምተው መረጡልን፤ ከእኛም የተቀበሉት ሻይ ብቻ ነው። ያን ዕለት አንድ እውነተኛ ሄልማር ከፍተው አስቀመጡኝና አምባሩ የት እንዳለ አሳዩኝ። "አሁን... ከትንፋሿ ኋላ... አገኘኸው?" አገኘሁት። የማላውቃት ሴት አጠገቤ ቆማ ቅመም የምትሰፍርልኝ መሰለኝ። እትዬ ራዲያ ግን ከሞቱ ቆይተው ነበር።

ፉርቃን የሚባለው ደግሞ የጋሽ ጠሀ የአገር ልጅ ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ባለትዳር፣ ሱቁን ራሱ ያቆመ ነጋዴ። ብየዳውንም፣ ሽቦውንም፣ ጆሮ ማዘንበሉንም ያስተማሩት ጋሽ ጠሀ ናቸው። ባለፈው ዓመት ያለ የሌለውን አሰባስቦ ሄልማር አስመጣ። አንድ ባለ አዳራሽ ሊገዛው መጣ፤ እንደ ወጉም ጋሽ ጠሀን ይዞ መጣ።

እኔ ያን ዕለት ሱቄ በር ላይ ነበርኩ። "ጋሽ ጠሀ እየሰሙ ነው" ተባለ። መስመሩ ጸጥ አለ። እትዬ ራዲያ ከሩቅ ቅመማቸውን ሲጠሩ ይሰማኛል፤ ከእኔ ዘንድ ግን አምባሩ ሊደርስ አይችልም። ጋሽ ጠሀ አንዴ ሰሙ። ድገመው አሉ። ሁለተኛም ድገመው አሉ። ከዚያ ከተቀመጡበት ሳይነሡ "የለችም" አሉ።

ፉርቃን አልተከራከረም። "ጋሼ ካሉ አሉ ነው" ብሎ ማጥፊያውን ተጫነ። ገዢው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሶላት በፊት ወሬው በመርካቶ ተራ ሁሉ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አላፊው ሁሉ በነገር ይወጋው ጀመር።

"ፉርቃን፣ የነሐሱን ጽሑፍ ብቻ አትሸጥልኝም? ፍሪጄ ላይ ልለጥፈው።"

እሱም አብሮ ይስቃል። ስፒከሮቹን ከላከለት ነጋዴ ጋር ተጣልቶ ተለያየ። ስፒከሮቹን ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ በሸራ ሸፈናቸው። ለሞባይል ገመድ እንኳ ሰው "ኦርጅናል ነው?" እያለ እየጠየቀው ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በዚህ ወር መጨረሻ ሱቁን ለልብስ ነጋዴ ሊያስረክብ እንደሆነ የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ጠሀ ሱቄ መጡ። ቁጭ አሉ። ክር የሚገዙ ሴቶች እስኪሄዱ ጠበቁ።

"ምንይሉ" አሉኝ በስሜ ጠርተው፣ "ከፉርቃን በኋላም ሁለት ሰው ዕቃ አሰምቶኛል። ሁለቱንም የለችም አልኩ። ከዚያ ልቤ እሺ አላለኝም።"

እቤታቸው፣ እትዬ ራዲያ ካረፉ ወዲህ ፍላሹን ከፍተው አያውቁም። ልጃቸው ሀፍሷ አትችለውም። እሷ ወደ ገበያ ስትወጣ መስኮቱን ዘጉና በአርመናዊው ሄልማር ከፈቱት። ኮረሪማ አሉ እትዬ ራዲያ። ቅርንፉድ አሉ። ተነፈሱ። ከዚያ ምንም የለም።

"መጀመሪያ ስፒከሩ አረጀ አልኩ" አሉኝ። "በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጄ ፈታሁት። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ምንም አልሆነችም። ገጠምኩት። ድምፁን ጨምሬ፣ ጆሮዬን ለጥፌ ደገምኩት። የለም። ቀና ስል ሀፍሷ በሩ ላይ ቆማለች። ፌስታሉ ከእጇ ወድቋል፣ ታለቅሳለች። 'አባ፣ የእማን አምባር ለምን ታሰማኛለህ?' አለችኝ።"

በእጄ የነበረውን ክር አስቀመጥኩ።

"'ሰማሽው እንዴ?' አልኳት። 'ከግቢው በር ጀምሮ ሰማሁት' አለች።"

ጋሽ ጠሀ ከፊታቸው የነበረውን የቁልፍ ሣጥን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

"ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ነው አለኝ፤ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ አይመለስም አለኝ። ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ አለ፤ የሰው ንግግር ያጎላልሃል ብሎኛል። 'አምባርስ?' አልኩት። የምን አምባር እንደሆነ ከየት ያውቃል።"

"አይዞዎት፣ ጋሽ ጠሀ። እግዚአብሔር..."

"ይመስገን፤ አላማረርኩም። ስድሳ ዓመት ሙሉ አሰምቶኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እሷ እዚያው ነበረች፣ ምንይሉ። ፉርቃን ሱቅም ነበረች። በሰው ፊት የለችም ያልኳት እኔ ነኝ። ልጁን ፎርጅድ ያስባልኩትም እኔ ነኝ።"

"ሄደው ቢነግሩትስ?"

"ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልኩት። 'ጋሼ፣ ምንም አይደለም፤ እርስዎ አባቴ ነዎት' ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።" ዓይናቸውን በኮፍያቸው ጫፍ አበሱ። "እሱ ይቅር ቢለኝ መስመሩ ምን ሰማ? ስሙ የጠፋው፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ በሚሰማበት ነው። ሲመለስም እንደዚያው ሆኖ ነው መመለስ ያለበት። ይህን ጉዳይ ሳልጨርስ ሱቁን ካስረከበ፣ ያ ስም በሄደበት ይከተለዋል።"

"እና ምን አሰቡ?"

"እስቲ አንድ ነገር ልለምንህ።"

"ይዘዙኝ።"

"አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ይበዛል። ፉርቃን ሸራውን ያነሣል። የመስመሩን ድምፅ ሁሉ እንደ ድሮው አስጠፋለሁ። መጀመሪያ የጆሮዬን ነገር ራሴ እናገራለሁ፤ ማንም በእኔ ፋንታ አይናገርልኝም። ከዚያ አንተ በእኔ ቦታ ትቀመጥና ትሰማለህ።"

"እኔ? ጋሽ ጠሀ፣ እኔ እኮ የክር ነጋዴ ነኝ።"

"ለዚያ ነው እኮ። ከመስመሩ ሰው አንዱ የፉርቃን ዘመድ ነው፣ ሌላው ተፎካካሪው። ሀፍሷን እንዳልወስዳት ገና ኮረሪማ ሲባል ታለቅሳለች። አንተ የማንም አይደለህም። አምባሩ የት እንዳለም አሳይቼሃለሁ።"

"ብሰማና ባይኖርስ?" አልኳቸው። መጠየቅ ነበረብኝ።

ቀና ብለው አዩኝ።

"ከሌለች የለችም በል። ለእኔ ብለህም ለፉርቃን ብለህም እንዳትዋሽ፤ ሁለታችንም ቁርጣችንን እንወቅ። ካለች ግን ጮክ ብለህ አለች በል፤ ያ ፍሪጁ ላይ ሊለጥፍ ያማረው ሳይቀር ይስማ።"

እሺ አልኳቸው። ራጉኤል ስለት ልሳል ወይ ብዬ በልቤ ሳስብ፣ ጋሽ ጠሀ ለመሄድ ተነሥተው ነበር። በሩ ላይ ደረሱና ተመለሱ። የምነግርህን ለሰው እንዳትነግር እንደሚል ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አንድ ሌላ ነገር። እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ። ከቅርንፉድ ቀጥሎ፣ ከትንፋሿ ኋላ፣ አምባሩ ሲመጣ... እጄን ንካኝ። እዚያ ጋ መሆኗን ልወቅ። ትነካኛለህ?"