ቁልቁል የቆመች መኪና

አባቴ መኪናችንን ሜዳ ላይ አያቆምም ነበር። አሶሳ ያለው ቤታችን ዳገት ላይ ነው፤ የመኪናዋ ማስነሻ ሞተሪኖ ደግሞ ከደከመ ቆይቷል። ስለዚህ ማታ ሲገባ ከአጥሩ ውጭ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሽቆ ያቆማታል። ጠዋት ድንጋዩን ያነሳል፣ ቁልቁል ይለቃታል፣ ማርሽ አስገብቶ ያስነሳታል። በሰፈራችን አሮጌ መኪና ኖሮት እንዲህ የማያደርግ የለም።

ከመነሳቱ በፊት ግን ዘይት ይለካል። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ደወል ቢቀርበትም ሥርዓት አልቀረበትም። ኮፈኑን ይከፍታል፣ የመለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይከትና ይመዘዋል፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። «ሙሉ!» ይላል፣ ጎረቤት እስኪሰማው።

ባለፈው በጋ ዘይቱ መጥፋት ጀመረ። ጋራዥ ስንወስዳት መካኒኩ ይለካና «ጎድሏል» ይላል፤ ይሞላዋል። በሌላ ጊዜ ስንሄድ እንደገና ጎድሏል። ሥሯ ካርቶን አነጠፍን፤ አንዲት ጠብታ የለም። ከኋላ ጭስ የላትም። ቤት ስትለካ ደግሞ ሁሌም ሙሉ ናት። አባቴ ነገሩን ብዙ አላሰበበትም። «ሰውየው ዘይት ሊሸጥልን ነው» አለና ጋራዥ መሄዱን ተወ። መታጠፊያ ላይ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ሲል፣ «ሽቦው ነው» ይለኛል። እኔ ነገር የማሳልፍ ሰው አይደለሁም፤ መብራቱ ምን ተጠቅሞ ይዋሻል ብዬ ተሟግቼዋለሁ። «ጠዋት በዓይኔ አይቼዋለሁ» ካለ በኋላ ግን አባቴን ማሸነፍ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

የአክስቴ ሞት በስልክ የተነገረን አንድ ጠዋት፣ ቁርስ ሳንቀምስ ነው። የእናቴ ብቸኛ እህት ናት፤ ባምባሲ ትኖር ነበር። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ እንደምትቀበር ነገሩን። እናቴ አልጮኸችም። «ሳላጥባት እንዳይወስዷት» ብቻ አለች።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሁለቱ እህትማማቾች በሰፈራው ዘመን ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው መጡ፤ እዚህ ሲደርሱ ግን በተለያየ መንደር ተመደቡ። እናታቸው እዚያው ቀርታ ሞተች። ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደከፈናት እስከ ዛሬ አያውቁም። ያኔ ነው ቃል የተጋቡት፤ ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ታጥባት። ቤታችን በተገናኙ ቁጥር፣ «እኔ ነኝ የማጥብሽ»፣ «የለም፣ እኔ ነኝ» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ይዘገንነኝ ነበር።

ሚኒባስ እንያዝ አልኩ። «መኪና እያለን?» አለ አባቴ። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ሻርፗን ጠምጥማ ተቀምጣለች። እሱ ኮፈኑን ከፈተ።

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ። ጠረገ፣ ከተተ፣ መዘዘ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገ። የዛሬውን «ሙሉ» ለጎረቤት አላሰማም፤ ቀስ ብሎ ለእናቴ ነገራት። ሊያጽናናት ፈልጎ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ መብራቱ ብልጭ አለ። እኔ ከኋላ ነኝ፤ በመሀላቸው አሻግሬ ከመብራቱ ሌላ የማየው ነገር የለም። ጠፋ። እንደገና በራ። ከዚያ በርቶ ቀረ።

«አባዬ፣ መብራቱ!»

«ሽቦው ነው።»

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«ምንም አልሆነም።»

ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ብረት በብረት እንደሚቀጠቅጥ። አባቴ ነዳጅ መስጫውን ለቀቀው፤ ያኔ አንድ ከባድ ነገር ውስጡ ግጭ አለና መኪናዋ እየተንሸራተተች ቆመች። ቁልፉን ቢያዞረው ምንም የለም። ሞተሩ ደርቆ ተጣብቋል።

ወርደን ኮፈኑን ከፈትን። የጋለ ብረት ሽታ ፊታችንን መታን። አባቴ ዘንጉን መዘዘ፤ ደረቅ ነው። ጠርጎ መልሶ ከተተና መዘዘ፤ ደረቅ። ከዚያ ቀና ብሎ መንገዱን አየ። ከፊታችንም ከኋላችንም ለጥ ያለ ሜዳ ነበር።

አንድ ላይ ነው የገባን። የመለኪያው ቀዳዳ በሞተሩ የፊት ጫፍ በኩል ነው። አፍንጫዋ ወደ ታች ስትቆም፣ ጀሪካን ሲዘነብል ውሃው ወደ አፉ እንደሚሰበሰብ፣ የቀረችው ጥቂት ዘይት ሁሉ ወደ ዘንጉ ትመጣለች። አባቴ ስንት ጠዋት «ሙሉ» ብሎ ያነበበው ቁልቁለቱን ነው። ዘይቱ ራሱ የት ይሄድ እንደነበር ኋላ ሞተሩን የፈታው መካኒክም አላገኘውም።

«ቁልቁል እያቆምኳት…» አለ አባቴ። አልጨረሰውም። እኔ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ዘንጉን ከእጁ ነጥቄ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

እናቴ ሞተሩን ዞር ብላ አላየችውም። «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች። ነገርኳት። ነጠላ ጫማዋን አስተካከለችና ወደ ባምባሲ በእግሯ መንገድ ጀመረች።

ተከትያት ሮጥኩ። ያለፉን መኪኖች ሞልተዋል፤ ያልሞሉትም አልቆሙም፤ ባዶ መንገድ ላይ መቆም ማንም የማይወድበት ጊዜ ነው። ስልኬን እያየሁ፣ እኔን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እናቴ በሚኒባስ ደርሳ ነበር እያልኩ በልቤ አባቴን እራገማለሁ። በመጨረሻ ማንጎ የጫነ አይሱዙ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ የበርታ ብሔር ሰው ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ የእናቴን ፊት አይቶ፣ «ጀናዛ ነው? ቀብር?» አለ። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ያላ፣ እማማ፣ ግባ!»

«ያ ሰውዬስ?» አለ ወደ ኋላ እያመለከተ። ዞር ስል አባቴ ኮፈኑ ሥር እንደቆመ ነው፤ በእጁ ሂዱ አለን። ሄድን።

አክስቴ ደጅ ከመኪናው ስንወርድ የዙህር አዛን ይሰማል። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ቃሬዛው ተዘጋጅቷል። እናቴ ግን በመሀላቸው ሰንጥቃ የሴቶቹ በር ላይ ደረሰች። የአክስቴ ጎረቤት፣ የበርታ ሴት፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ ወጣች።

«ሁለቴ አጠብነው» አለቻት። «ሦስተኛ ያንተ ነው። ሽማግሌዎች ‹ቶሎ› አለ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ይሄ ሴትዮ ሁሌ ይነግረኛል፣ ‹እህቴ ነው የሚያጥበኝ› ይላል።»

በራፉ ላይ ለመጨረሻው እጥበት ካፉር የተባለው ሽቶ የተጨመረበት ውሃ በባልዲ ተቀምጧል። እናቴ ባልዲውን አንስታ ገባች። ያን ጊዜ ነው ልቅሶዋን የሰማሁት፤ ከዚያ ደግሞ የሚፈስ ውሃ ድምፅ።

አባቴ የደረሰው ከቀብር ከተመለስን በኋላ፣ የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሲቃረብ ነው። መኪናዋን እዚያው ጥሏት፣ የቀሪውን መንገድ ግማሽ በእግሩ መጥቷል። አጥሩ በር ላይ ቆመ፤ ጫማው አቧራ፣ እጁ እስከ አንጓው ጥቁር። ሰዎቹ ከቀብር መመለሳቸውን ከአቀማመጣቸው አውቋል። ወደ እኔ አየ። እናቴ እንደደረሰችላት መናገር ነበረብኝ፤ ንዴቴ አልበረደምና ዓይኔን አዞርኩበት።

እናቴ አየችው። ከቤት ውሃ የሞላ ጆግ ይዛ ወጣችና ፊቱ ቆመች።

«እጅህን አምጣ» አለችው።

ዘረጋ። ውሃውን አፈሰሰችለት፤ ጥቁሩ እየተንጠባጠበ አፈሩ ላይ ወረደ።

«ደርሼላታለሁ» አለችው። «ሦስተኛውን እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። አሁን ታጠብ፣ ሰላቱ እንዳያልፍህ።»

አባቴ እጆቹን እንደዘረጋ ቆሞ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ጆጉን ቀና አላደረገችም፤ ውሃው እስኪያልቅ ታፈስለት ነበር።