ፏፏቴ ያልተነሣችበት በዓል

ታላቅ እህቴን እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ዘመዱ ሁሉ ግን በሌለችበት ፏፏቴ ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድማችን ነው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ለገዛ አፉ የሚሆን ፍሬን ግን እስካሁን ከየትም አላስመጣም።

እትዬ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ሥር ውሃ የሞላ ጀሪካን አይጠፋም። ሱቋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ ቁልፉ ደግሞ ዘበኛው ኪስ ውስጥ። የአንድ መጋረጃ ጠርዝ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ደረጃውን ስንቴ እንደምትመላለስ ያየው ዘበኛ በመጨረሻ ሰለቸውና፣ "እንኪ እህቴ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ትጠብቂዋለሽ" ብሎ ቁልፉን አስረከባት።

በሽታዋ ስም አለው፤ ዲያቢቲስ ኢንሲፒደስ ይባላል። ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ ኩላሊቷን "ውሃውን ያዝ" የሚለው ትእዛዝ ከጭንቅላቷ አይደርስም። የጠጣችው ወዲያው ይወጣል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠማታል። ስኳሯ ደህና ነው። ይህን ለአክስታችን የሚያስረዳ ግን ገና አልተወለደም። "ዲያቢቲስ ካለ ስኳር አለ፤ እኔን አታሞኙኝ" ትልና በየበዓሉ የእትዬን ኬክ ከፊቷ አንስታ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች፣ ራሷ ትበላላታለች።

በዓል የምናከብረው አጎታችን ጋሼ ቤት ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ከሥራው ወጡ እንጂ ከሰልፉ ፊት አልወረዱም። ምግቡ ከተበላ በኋላ፣ ኬኩ ሳይቆረስ፣ የማንበቢያ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ወረቀታቸውን ዘርግተው ንግግር ያደርጋሉ። ንግግር አልኩት እንጂ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ፊደል ከቆጠሩበት ቀን ይጀምሩና እያንዳንዱን ሹመታቸውን ከነደብዳቤው ይዘረዝራሉ። መሀል ላይ መነሣት ነውር ነው። እሳቸው ቤት ለማሳል እንኳ እጅ ማውጣት ያስፈልጋል።

እትዬ ግን ትነሣለች፤ ምን ታድርግ! አንድ በዓል ላይ ወንድማችን "ብቻዋን ብትወድቅስ?" ብሎ ተከትሏት ወጣ። ግቢው ውስጥ ሲጋራውን አጭሶ፣ በስልኩ አውርቶ፣ ጭብጨባ ሲሰማ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ፏፏቴን መደገፍ የቤተሰቡ ጽድቅ ሆነ። አንዱ ክንዷን ይይዛል፣ አንዷ ቦርሳዋን፣ አንዱ ውሃዋን፤ እኔም፣ ለማን ብዬ እዋሻለሁ፣ በር እከፍታለሁ። "እሷ ካለች መኪናው በየመታጠፊያው ሲቆም ሊውል ነው" እያለ ዓመቱን ሙሉ ከየጉዞው የሚያስቀራት ዘመድ፣ ጋሼ አፋቸውን ሲከፍቱ ነርስ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛ ግቢ ስንስቅ እሷ መጸዳጃ ቤት ናት። ስትመለስ ጨዋታው አልቆ፣ ሰው ጫማውን ሲፈልግ ትደርሳለች።

ዘንድሮ ሐኪሟ ክኒን አዘዘችላት። ክኒኑ የጎደለውን ትእዛዝ ይተካል፤ ለሰዓታት ሳትነሣ መቀመጥ ትችላለች። "ግን ሲጠማሽ ብቻ ጠጪ" አለቻት። "ክኒኑን ውጠሽ ውሃ ካበዛሽ ሰውነትሽ ውስጥ ይጠራቀማል፣ የደምሽ ጨው ይወርዳል፣ ራስሽን እስከ መሳት ትደርሻለሽ።" እትዬ ማስጠንቀቂያውን አልረሳችም፤ ልቧ ያለው ግን በዓሉ ላይ ነው።

"አንድ በዓል፣ አንድ ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ሰው ልቀመጥ" አለችኝ፣ እንባዋ ግጥም ብሎ። አንጀቴን በላችው።

ዘመድ ወሬውን ሲሰማ ደስ ያለው መስሏችኋል? የሰው ነገር! በዋዜማው ወንድማችን ሱቋ ድረስ መጣ።

"እትዬ፣ ለነገ ብቻ ብታሳልፊውስ?" አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"ምኑን?"

"ክኒኑን ነዋ! ጋሼ ዘንድሮ ሰባ ሞላቸው። ንግግሩ እንደ ዕድሜያቸው ከሆነ አለቅን።"

"አንተ እንዳይሰለችህ እኔ በጥም ልንደድልህ?"

"ስንት ዘመን ደግፈንሽ! ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ አሉ።"

በያዘችው መቀስ በሩን አሳየችው።

በበዓሉ ቀን ክኒኗን ውጣ ሄደች። ወንድማችን ቀድሞ ከጎኗ ተቀምጧል፤ የውሃውን ጆግ አቅፎ። ብርጭቆዋ ጎደል ሲል ይሞላል፤ ሳይጎድልም ይሞላል። "ጠጪ እንጂ እትዬ፣ በዓል እኮ ነው!" አክስታችን ደግሞ እንዲጠማት ጨው የበዛበትን ሥጋ ትቆልልላታለች። ደሜ ፈላ።

"ልትገላት ነው እንዴ?" አልኩት በሹክሹክታ። "ውሃ ካበዛች ራሷን ትስታለች ተብለናል እኮ!"

"ራሷን ከሳተችማ ሁላችንም ይዘናት እንወጣለን" አለኝ። ቀለደ እንበል።

እትዬ ብርጭቆውን በመዳፏ ከደነችው። ሲጠማት ሁለት ጉንጭ ትጎነጫለች፣ መልሳ ትከድነዋለች።

ጋሼ ተነሡ፤ መነጽራቸውን ሰክተው ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። ፊደል ቆጠሩ። ተመረቁ። ተሾሙ። ጠረጴዛው በሙሉ ግን የሚያየው እትዬን ነው።

"ምንም አልመጣም?" አላት ወንድማችን።

"ምንም።"

ጋሼ እንደገና ተሾሙ። አክስታችን ዓይኗን ጨፈነች። ወንድማችን እግሩ ሥር እንደ ጉንዳን የሚበላው ነገር ያለ ይመስል ይቁነጠነጣል። ቅመሳት ወንድሜ፣ እሷ በየዓመቱ እንዲህ ነበረች። እትዬ ግን እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ሠርግ የተጠራች መስላ ታዳምጣለች። ሹመት ለመስማት እንዲህ ፊቱ የበራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ጋሼ ወረቀቱን አጠፉ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። ለካ መጨረሻው ምርቃት ነው! አንድ ቀን እንኳ ሰምተነው አናውቅም። አክስታችንን መረቁ፣ ሽማግሌዎቹን መረቁ። ከዚያ መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ እንደ ልማዳቸው መሆን አለበት፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

"ውጭ ላለችውም ልጄ ምሕረቱን ያውርድላት፤ አንድ ቀን አብራን ለመቀመጥ ያብቃት። በዓላቸውን ትተው እሷን ደግፈው ለቆሙት ደጋጎችም እግዜር የእጃቸውን ይስጣቸው።"

አሜን የሚል ጠፋ። እኔ መሬት ብትከፈት በገባሁ። ወንድማችን ጆጉን ቀስ ብሎ ከፊቱ ገፋ።

"ጋሼ" አለች እትዬ፣ "ዘንድሮ እዚህ ነኝ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቀጥለው እኛን አንድ በአንድ አዩን። "ወይ ጉድ! ሁላችሁም አላችሁ? እኔ እኮ ወረቀት ወረቀቱን እያየሁ... ይህን ሁሉ ዓመት አንዱንም አልሰማችሁማ! እንዲያው ልጄ፣ ካልደከመሽ፣ ዓይን ዓይናችሁን እያየሁ ከመጀመሪያው ልበልላችሁ?"

ሁላችንም በዓይናችን ለመንናት። ወንድማችን በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት።

"ኧረ ምንም አልደከመኝ ጋሼ፣ ይበሉልኝ" አለች፣ ክንዱን አጥብቃ ይዛ። "እሱም ይሰማል። እኔን ትቶ የትም አይሄድም።"