አስታማሚ የሌለው እጅ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጨርቅ ስቀድ ነው። ቺሮ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በመዳፌ ሳስተካክለው፣ ከቀለበት ጣቴ ሥር ሽንብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ጎረበጠኝ። አያምም። የመቀስ መጅ ነው ብዬ ተውኩት።

በዓመቱ ከመዳፌ ወደ ጣቴ የሚሄድ እንደ ገመድ የተወጠረ ነገር ወጣ። ጣቴ ጎበጠ። መዳፌ ጠረጴዛ ላይ አልተኛም አለ። መቀሱን ይይዛል፣ አይለቅም።

እዚህ አገር ሰላምታ የሚባለው እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሲስም ነው። ጎረቤቴ ዩሱፍ፣ ጫት ነጋዴው፣ ጠዋት ጠዋት እጁን ሲዘረጋልኝ እኔ የኔን ኪሴ ከተትኩት። የጎበጠ ጣት ያየ ሰው የሥጋ ደዌ ነው ቢለኝስ? ማንም እንዲያ አላለኝም፤ ለራሴ ያልኩት እኔው ነኝ። ዩሱፍም ኮራብኝ ብሎ ተወኝ። ትሪ ላይ እጄ እንዳይታይ ምሳዬን ብቻዬን መብላት ጀመርኩ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ያለ ነበር፤ አሁን ሱቁም ጭር አለብኝ። ብቸኝነቱ ከጣቴ ይልቅ አመመኝ።

በመጨረሻ የቺሮው ሐኪም አይቶ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ የእጅ ሐኪሟ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ፣ «ይሰማዎታል?» አለችኝ። ይሰማኛል።

«የዱፑይትረን ሕመም ይባላል፤ ከመዳፍ ቆዳ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ወፍሮ ሲኮማተር ጣቱን ይጎትተዋል። አይተላለፍም። ካንሰርም አይደለም።»

እፎይ! እዚያው ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ምርጫው መጣ። የጨረር ሕክምና ገና ሲጀምር ከሆነ ሕመሙን ባለበት ሊያቆመው ይችላል፤ የጎበጠን ግን አያቃናም። ቆዳ ያደርቃል፣ ቆይቶም ጥቂት ቢሆን የካንሰር ስጋት አለው። ቀዶ ሕክምና ጣቱን ያቃናል፤ ግን ነርቭ ሊነካ፣ ሕመሙም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ለሳምንታትም እጅ ታስሮ መኖር አለ። እውነቱን ልናገር? ልቤ ወደ ጨረሩ ነበር። ቢላ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ጨረር ማሽን ሥር ተኝቶ መነሣት ነው፤ ብቻዬን እችለዋለሁ።

«ለጨረር አርፍደዋል» አለችኝ። «የሚያዋጣዎት ቀዶ ሕክምና ነው። አስታማሚዎ ማን ነው?»

የምጠራው ስም አጣሁ።

ቺሮ ተመለስኩና ዩሱፍ ሱቅ በር ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁለት። አገላብጦ አየው።

«አቦ! የኮራህብኝ በዚህ ነው እንዴ? ወላሂ እኔኮ ምን አስቀይሜው ይሆን እያልኩ ነበር» አለና ጎባጣዋን ጣት ሳማት። አስታማሚ እንደሚያስፈልገኝ ነገርኩት። «እኔ አለሁ አይደል?» አለኝ።

አዲስ አበባ የተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና መዳፌ ላይ የዚግዛግ ስፌት ትቶ አለቀ፤ ሙያዬ ነውና ስፌቱን መርምሬ አድንቄያለሁ። ቺሮ ተመልሼ፣ ሲተኙ ጣትን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት አስሬ እያደርኩ፣ ቀን ቀን ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝን መታጠፍና መዘርጋት እያቃሰትኩ ስሠራ፣ ዩሱፍ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት መጥቶ ሸሚዜን ይቆልፍልኝ፣ «ጉርሻ ለምደህ እንዳትቀር!» እያለም ያጎርሰኝ ነበር። ሲመሽ ግን እሱ ወደ ልጆቹ ይሄዳል፤ እኔ ከታሰረ እጄ ጋር እቀራለሁ። ለብቸኝነቱ መድኃኒት አላገኘሁለትም። ጣቴ ፈጽሞ ባይቃናም መቀሱን ይይዛል፣ ይለቃልም።

ይህ ሕመም የያዛችሁ ወገኖቼ፣ መዳፋችሁ ጠረጴዛ ላይ አልተኛ ካለ ቶሎ ታዩ። እብጠቱ ገና ሳለ ስለ ጨረር፣ ጣት ከጎበጠ ስለ ቀዶ ሕክምና ጠይቁ፤ የሚወስነው ግን እጃችሁን ያየ ሐኪም እንጂ የኔ ወሬ አይደለም። ብቻ አትደብቁት። ያከሙኝንም፣ ያስታመመኝንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሰሞኑን በግራ መዳፌ ላይ ትንሽ ጉብታ ተሰማኝ። ጨርቁን እንደተዘረጋ ትቼ ዩሱፍ ዘንድ ሄድኩ። በጣቱ ዳበሳትና፣ «ለዚችስ አልረፈደም፤ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ እንወጣለን» አለኝ።