አባዬ ምድጃውን የተወበት እሑድ

የተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ስስ ነው። የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ሲከፈት ንግግሩ አይለይም፤ የተቀዳው ሳቅ ግን እንዳለ ይገባል። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ይስቅና ባንድ ጊዜ ዝም ይላል። ያኔ የያዝሁትን አስቀምጬ እቆማለሁ፤ የአሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

አባዬ ጀልባ ነጂ ነበር። ከባሕር ዳር ጎርጎራ ሰውና እህል የሚያመላልሰው ጀልባ ሲያረጅ ወደ ዳር ተጎትቶ ወጣና እዚያው ቀረ። አባዬም ቤት ዋለ። እናቴ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ስለነበር ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነበር የምትመለሰው። ስለዚህ ማንም ሳያዝዘው አባዬ ማጀት ገባ።

ጀልባ ላይ ወንዶቹ ራሳቸው ያበስላሉ። ውኃው ላይ ማንም አያፍርበትም፤ መሬት ሲረግጡ ግን ሙያቸውን እዚያው ትተውት ይመጣሉ። አባዬ ይዞት መጣ። አምባዛ ዓሣውን በሎሚና በጨው ያሸዋል፤ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እያቁላላ ያንጎራጉራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽታው ከሐይቁ እርጥብ ነፋስ ጋር ተደባልቆ መንገድ ላይ ይቀበለኝ ነበር።

አንድ ሕግ ነበረን። አባዬ ሲያበስል የግቢው በር ይቀረቀራል። ሰው ካንኳኳ እሱ እጁን ታጥቦ ሳሎን እስኪቀመጥ ድረስ እኔ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ። “ማን ሠራው?” ከተባለ መልሱ “እማዬ” ነው። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ነበረች። “ለእሱ ብዬ ነው” ትል ነበር።

እሑድ ከሰዓት ጎረቤቶቻችን ተከታታይ ኮሜዲ ለማየት እኛ ቤት ይመጡ ነበር፤ የቄሱ ባለቤትና ጀልባ ላይ ከአባዬ ጋር የሠራ ጓደኛው። እናቴ ቅዳሴ ስትሄድ አባዬ ለእንግዶቹ የሚሆነውን ሠርቶ ይጠብቃታል። የምታቀርበው እሷ ናት፤ ምርቃቱም ለእሷ ነበር።

በድራማው ሚስቲቱ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ባልየው ሥራ ፈትቶ ሽርጥ ታጥቋል። ወጡ ያርርበታል። ሕፃኑን አዝሎ ድስቱን አልጋ ሥር ይደብቃል። የእሷ ቁልፍ በሩ ላይ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል። ቤታችን በሳቅ ይሞላል። አባዬም ይስቃል፤ ከሁሉ ዘግይቶ።

አንድ እሑድ የቄሱ ባለቤት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ “ኧረ እንዲህ ያለ ወንድ የትም የለ፤ አዲስ አበቤዎች የፈጠሩት ነው” አሉ።

እኔ ሰው ፊት የማልናገር ልጅ ነበርሁ። የዚያን ቀን ግን ቆጨኝ። ያ ሰውዬ ሁልጊዜ ወጥ ያሳርራል፤ የአባዬ ወጥ ግን አርሮ አያውቅም። ይህን ብቻ ነበር ማለት የፈለግሁት።

“የአባዬ ወጥ አያርርም” አልሁ። “ዛሬ የበላችሁትንም እሱ ነው የሠራው።”

ለጥቂት ጊዜ የሳቁት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ብቻ ነበሩ። ከዚያ የአባዬ ጓደኛ ጭኑን መታ። “አንተ፣ ለካ ከጀልባ ወርደህ ጓዳ ነው የተሾምኸው? ሽርጥህን አሳየን እንጂ።”

“እኔ ደግሞ ስንቱን እሑድ ነው ሚስትዎን ‘እጅሽ ይባረክ’ ያልሁት” አሉ የቄሱ ባለቤት።

ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም። አባዬም አብሮ ሳቀ። “ምን ላድርግ፣ አለቃዬ ካርድ ክፍል ናት” አለ። እናቴ ትሪውን አንሥታ ወጣች።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምድጃው ቀዝቅዟል። አባዬ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

“አባዬ፣ ራበኝ።”

“እናትሽ ስትመጣ” አለ። አልተቆጣኝም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ምድጃ ሥር ትቆም ጀመር። ድካሟ ንትርክ ሆነ፤ ንትርኩም ዝምታ ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ አባዬ ጎርጎራ ሥራ ተገኘ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ ለበዓል ብቻ፤ ቀጥሎ መደወል ብቻ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በኮሜዲ ድራማዎች ውስጥ ስለሚታዩ ባሎችና ሚስቶች ነው። አዳዲሶቹን ሁሉ አየሁ። አሁን ባልየው ወጥ አያሳርርም፤ ሚስቱም አትጮህበትም። ሆኖም ምድጃው አጠገብ በቆመ ቁጥር ሳቁ ይለቀቃል። መምህሬ ኅዳጉ ላይ “ጥሩ ምልከታ” ብሎ ጻፈልኝ። ስለ አባዬ አንድም መስመር የለበትም።

ባለፈው ጥቅምት መንገዱ ሰላም ሲሆን ጎርጎራ ሄድሁ። አባዬ የሚኖርበት ክፍል አልጋና ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ቢላ እንኳ የለም። ምግብ ቤት ወስዶ ዓሣ አዘዘልን። አንድ ጊዜ ቀመሰና ጨው እንደበዛበት ከፊቱ አየሁ።

“አባዬ፣ ያን እሑድ እኮ…” ብዬ ጀመርሁ።

“የትኛውን?” አለ ፈጥኖ።

ስለዚያ ቀን መቀጠል ፈራሁ። “ወደ ቤት ና። እማዬም ብቻዋን ናት” አልሁት።

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። “እዚያ ምን ልሠራ?” አለ።

አስተናጋጇ ሳህኖቹን እስክታነሣ ድረስ ጨው የበዛበትን ዓሣ በላሁ። ከዚያ አባዬ የምመለስበት አውቶብስ እንዳያመልጠኝ ብሎ ተነሣ።