የእንሰቱ ታንኳ

ባለፈው ጥቅምት ሐዋሳ ላይ ጀልባ ልንሳፈር ስንል ባለጀልባው ለእኔና ለልጅነት ጓደኛዬ ለኤርጫፎ ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬቶች ወረወረልን። የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሷል። ሁለት ጡረተኛ መምህራን ጃኬቶቹን እያየን ቆምን። የልጅ ልጆቻችን ጀልባው ላይ ሆነው "አባባዎች ፈሩ!" ብለው ሳቁብን። ፈርተን ነበር፤ ምን ይደበቃል።

የፍርሃታችን መነሻ የጃንሆይ ዘመን ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ባለፍን ዓመት፣ ከመስቀል በፊት፣ ቦዮ ሐይቅ አጠገብ የተዳረችውን የኤርጫፎን ታላቅ እህት ወርቅነሽን ልንጠይቅ ከሆሳዕና ተነሣን። ግማሹን መንገድ በርበሬ ሊጭን በሚወርድ መኪና፣ ግማሹን በእግራችን፣ ጭቃው ጫማችንን እያወለቀ። ስንቃችን በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ነበር። የክረምቱ ውኃ ገና አልሸሸም፤ ሐይቁ እስከ ግጦሹ ድረስ ተኝቷል። የደጋ ልጆች ነንና ያን ያህል ውኃ አይተን አናውቅም። ታንኳ ግን በጂኦግራፊ መጽሐፋችን አይተናል።

የእኛ የሌሞ አገር ልጅ በእንሰት ላይ ያለው እምነት ልክ የለውም። ይበላል፣ ገመድ ይሆናል፣ ይነጠፋል፣ ከብት ይቀለብበታል፤ ታንኳ የማይሆንበት ምክንያት አልታየንም። ወርቅነሽ ከእናቷ ጓሮ አምጥታ የተከለቻቸው ስድስት እግር እንሰቶች ነበሯት። እንሰት በእኛ ዘንድ የሴት ነው፤ ወንድ ሳያስፈቅድ አይነካውም። ገበያ እስክትሄድ ጠብቀን ሦስቱን ጣልናቸው።

"ብትደርስብንስ?" አለ ኤርጫፎ።

"ሳትመጣ እንመለሳለን" አልኩት። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ትንሽም ቢሆን ዋና የምሞክረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ግንዶቹን በቃጫ ገመድ ጠፍረን ገፋናቸው፤ ተንሳፈፉ! እየዘፈንን፣ በረጅም እንጨት መሬቱን እየወጋን ዳሩ ላይ የበቀለውን ደንገል አለፍን። እንጨቱ መሬት ሲያጣ ዘፈኑም ቆመ። በስተቀኛችን ጉማሬ ብቅ አለና ተነፈሰ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ተደፍተን በእጃችን እየቀዘፍን ወደ ደንገሉ ዞርን።

ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ግንዶቹ መላጥ ጀመሩ። እንሰት ልባሱ ድርብርብ ነው፤ ሲርስ ሙልጭ ብሎ ከገመዱ ይወጣል። ይህን የትኛዋም የሌሞ ሴት ትነግረን ነበር፤ ማንን ጠይቀን! አንዱ ግንድ ሄደ፣ ሌላው ተከተለ። ሁለታችንም ወደቅን። የቀረውን አንዱን ግንድ እኔ አቀፍኩት። ኤርጫፎ ውኃ ጠጥቶ ብቅ አለና እጁን ግንዱ ላይ ጣለ። ግንዱ ከነእኔ መስመጥ ጀመረ።

እጁን በእግሬ ገፋሁት። ገፍቼ አላበቃሁም፤ ደረቱንም ረገጥኩት። ጠለቀ።

በዚያው ቅጽበት ከደንገሉ ውስጥ ጩኸት ተሰማ። ወርቅነሽ ከገበያ ተመልሳ፣ የተቆረጡትን እንሰቶች አይታ፣ የጎተትንበትን ፈለግ ተከትላ መጥታለች። እስከ ደረቷ ውኃ ገብታ የያዘችውን ረጅም ዱላ ዘረጋች።

"ያዝ! አንተ ሌባ፣ ያዝ!"

ኤርጫፎ ያዘ። ጎትታ አወጣችው፤ ውኃውን አስተፋችው፤ ከዚያ በዚያው ዱላ መታችው። ግንዴን እንዳቀፍኩ ዳር ስደርስ እኔንም አልማረችኝ። "የመጣሁት ልደበድባችሁ ነበር፤ ዱላ ባልይዝስ?" እያለች እየመታችን ታለቅሳለች።

ስለዚያ እርግጫ ኤርጫፎ ጠይቆኝ አያውቅም። አብረን ተምረን፣ አብረን አስተምረን፣ ልጆቻችንን ስንድር እንኳ አላነሣውም። ውኃ ውስጥ ማን ምን እንደሆነ በምን ያውቃል እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። አንዳንድ ጊዜ ግን እየበላን እጁን ወደ ሞሰቡ ሲሰድ አየውና ሞሰቡን አስጠጋለታለሁ።

ሐዋሳ ላይ ኤርጫፎ ጎንበስ ብሎ ደህናውን ጃኬት አነሣና በአንገቴ አጠለቀልኝ። የተበጠሰውን ራሱ ለበሰ።

"ተው እንጂ፣ አንተ ዋና አትችልም" አልኩት።

"ግድ የለም" አለ ማሰሪያዬን እያጠበቀ። "እግርህን ሪህ ይዞታል። ከእንግዲህ አልፈራውም።"

ጀልባው ተነሣ። እንባዬ ሲወርድ ልጆቹ ውኃውን የፈራሁ መሰላቸው።