ሞንታርቦ የቆላው ሰው

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት፣ በወንድሜ በእንዳላማው የሥራ ጠረጴዛ ላይ የእድራችን ሞንታርቦ ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጦ ነበር። ብሎኖቹ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ናቸው፤ ካፓሲተር ከሚባሉት ትንንሽ ባለ ሁለት እግር ዕቃዎች አንዱ በአንድ እግሩ ተበይዷል፤ ሌላው እግሩ አየር ላይ ቀርቷል። መበየጃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እንዳላማው ደግሞ አልጋው ላይ ነበር፤ ሚስቱ ወለተ ሰንበት ልትቀሰቅሰው ብትገባ አልተቀሰቀሰም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

በዚህ ምክንያት የእድሩ ለፋፊ ገዳሙ የወንድሜን ሞት በባጃጅና በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በእግሩና በአሮጌው የቆርቆሮ ጥሩንባ ዞሮ ተናገረ። ለቅሶ ቤት ሲደርስ ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር። «ሰው ሲሞት ያርፋል፣ ያሳርፋል። አያ እንዳላማው ሞቶም አደከመኝ» አለና ጥሩንባውን ደጃፉ ላይ ጥሎ አለቀሰ።

በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጁት የእድሩ ዳኛ ጋሽ አበባው ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ስለሆኑ ጽሑፋቸው ያምራል፤ ችግሩ ስለ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። «ታጋሽ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ነበሩ» ይላል። እኔ እኅቱ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ሰነድ አያያዝ ነው፤ የምሠራውም መዝገብ ቤት ነው። የተሳሳተ ሰነድ ፋይል ውስጥ ሲገባ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ በተለይ ፋይሉ የወንድሜ ሲሆን። ስለዚህ እነሆ እርማቱ። እንዳላማው ታጋሽ አልነበረም፤ ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ አቅቶት ዕድሜውን ሙሉ በተቃጠለ ምላስ ኖሯል። ትሑትም አልነበረም፤ ሱቁ በር ላይ «እዚህ ያልዳነ ይቀበር» ብሎ አጽፏል። ሰው አክባሪ የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ የመጣን ደንበኛ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል። ወጥ የነካ ሬዲዮን ይዞ የመጣውን ግን፣ ቄስም ቢሆን፣ እጁን አስታጥቦ ነው የሚያስገባው።

የተወለደው ቁይ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤት ነው። አባታችን አንድ ሬዲዮን ነበራቸው። ሌሎቻችን ውስጡ የሚናገሩት ሰዎች ምን እየበሉ እንደሚኖሩ ስንከራከር እሱ ፈታው። መፍታት ቻለ፤ መግጠም አልቻለም። አባታችን ሬዲዮኑንም ጥፋተኛውንም በበቅሎ ጭነው ደብረ ማርቆስ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰዱ። ሬዲዮኑ በሳምንቱ ተመለሰ፤ ልጁ ቀረ።

በዚያ ዘመን የሬዲዮን ሆድ ሰፊ ነበር። ትራንዚስተሩ ባቄላ ያህላል፤ መበየጃው በከሰል ይግላል፤ እርሳሱ ቶሎ ቀልጦ ቶሎ ይረጋል፤ ሲረጋም እንደ መስተዋት ያበራል። ያ ብርሃን የጥሩ ብየዳ ምስክር ነበር። እንዳላማው በዚያ ዓለም ነገሠ። ከአማኑኤልም ከደምበጫም ቴፕ በጋሪ ተጭኖ ይመጣለት ነበር። ከዚያ ዓለሙ መጥበብ ጀመረ። ባቄላው ምስር ሆነ፤ ምስሩ ጤፍ ሆነ። ብሎን ቀርቶ ሙጫ መጣ። «ድሮ ዕቃ ይታሰር ነበር፤ አሁን ይገነዛል» ይል ነበር።

በመጨረሻ እርሳሱ ራሱ ተለወጠ። ፋብሪካዎቹ መርዝነቱን ፈርተው ከመበየጃ ሽቦው ውስጥ እርሳስን አወጡና በአብዛኛው ቆርቆሮ፣ ጥቂት ብርና መዳብ አደረጉት። አዲሱ ለመቅለጥ የበለጠ እሳት ይፈልጋል፤ ሲረጋም ደብዛዛ ነው። እንዳላማው ይህን ሳይሰማ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን ሲከፍት ፋብሪካው ሰክሮ የበየደው መሰለውና እያንዳንዷን ነጥብ እስክታበራ ድረስ እንደ አዲስ በየዳት። አምሮ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ስለ መርዙ ስነግረው፣ ጭሱን ከልጅነቴ ጀምሬ ስጠጣው ኖሬ ይኸው አለሁ ብሎ ይከራከረኝ ነበር። አሁን ይህን ማስረጃ ማቅረብ አይችልም።

ከውርደት ያዳነው ቆሎ ነው። አንድ ቀን ወለተ ሰንበት ገብስ ስትቆላ አጠገቧ ተቀምጦ አየ። ምጣዱ ሁሉንም ፍሬ እኩል ያሞቀዋል እንጂ እሷ እያንዳንዱን ገብስ በጋለ ብረት አትነካም። ታዲያ እኔ ምን ነክቶኝ ነው አንድ በአንድ የምለፋው አለ። በማግስቱ በቆሎ ምጣዷ ላይ የተነፋ አሸዋ አለበሰ፤ አሸዋው ላይ የሞተ ስልክ ቦርድ አጋደመ፤ ብየዳው ሁሉ ባንድ ጊዜ እስኪቀልጥ ቆልቶ ሳይነካ አበረደው። ስልኩ በራ። ውስጡ የተሰነጠቀው ብየዳ በራሱ ጊዜ ተጠግኖ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስሙ «ባለ ምጣዱ» ሆነ። ደንበኛ ተመለሰለት። አንዱ ባጃጅ ነጂ ስልኩን ሲሰጠው «ጋሼ፣ የእኔን ለስለስ አርገው ይቁሉልኝ፤ ጥርሴ ደካማ ነው» አለው፤ ጥርስህን አውልቀህ አምጣውና አብሬ እቆላዋለሁ ብሎ መለሰለት። ብዙው ዕቃ ይድን ነበር። ያልዳነውን «ሲመጣም ሞቶ ነበር» ብሎ ያሰናብታል።

ለሱቁ የራሱን ምጣድ እንዲገዛ ወለተ ሰንበት ብትለምነውም ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል ቆየ። አሸዋውን እያራገፈ ምጣዷን ቦታው ይመልሳል። ቤታቸው የሚካኤል ጽዋ ደርሶ ማኅበርተኛው ቆሎ ሲቆረጥም መምሬ አካለ ወልድ ድንገት ማኘክ አቆሙ። ከአፋቸው አንዲት የረጋች የብየዳ ፍሬ አወጡ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩዋት። «ወለተ ሰንበት፣ ይህ ገብስ የየት አገር ነው?» አሏት። ከእሷ በቀር ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ምጣዷን ድንጋይ ላይ ከሰከሰችና ስባሪውን በቅርጫት ተሸክማ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። «ወይ ሚስት ወይ ሞባይል። ሁለቱ ባንድ ምጣድ አይቆሉም» አለችው። ያን ቀን የብረት ምጣድ ገዛ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ማዕረግ ነበረው። ከጥሩንባው ዘመን ጀምሮ የእድሩን ዕቃ የሚጠግን እሱ ነው። ሥራው ክፍያ የለውም፤ ክብሩ ግን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከዳኛው ቀጥሎ ባለው ወንበር መቀመጥ ነው። እንዳላማው ያንን ወንበር ከሚስቱ ቀጥሎ ይወደው ነበር፤ አንዳንድ ቀን ቅደም ተከተሉ ይለዋወጣል።

አምና እድሩ አዲስ ሞንታርቦ ገዛ። አሮጌውን ሁለት ሰው ነበር የሚሸከመው፤ አዲሱ የዳዊት መጽሐፍ ያህላል፤ ድምፁ ግን ይበልጣል። በጥቅምት ወር ገዳሙ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ሞት ሲናገር የሟቹን ስም ሊጠራ ሲል ሞንታርቦው ዝም አለ። ሰፈሩ ማን እንደሞተ ሳያውቅ ግማሽ ቀን አለቀሰ፤ አንዳንዱ በሕይወት ያለ ሰው ቤት ሄዶ ደረት መታ።

በተከታዩ የእድር ስብሰባ ጋሽ አበባው ዕቃው መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ለከፈተው ለምስጋናው ይሰጥ አሉ። ምስጋናው ማይክሮስኮፕና በሙቅ አየር የሚበይድ ማሽን ያለው ቴክኒሻን ነው። እንዳላማው ተነሥቶ ቆመ። እስከ ኅዳር 15ቱ ስብሰባ በእጄ ሠርቼ አመጣዋለሁ፤ ካላመጣሁ ወንበሩን ለምስጋናው ስጡት አለ። ጋሽ አበባው ቃለ ጉባኤ ይያዝ አሉ፤ ተያዘ።

ዕቃው እንደ ስልክ አልነበረም። ቦርዱ ጀርባው አሉሚኒየም ነው፤ የተሠራውም ሙቀት እየሳበ እንዲያወጣ ነው። እንዳላማው መበየጃውን ሲያስጠጋ አሉሚኒየሙ እሳቱን ጠጥቶ ጨረሰው፤ ብየዳው ንቅንቅ አላለም። ምጣዱን ጣደ። ከመቼውም ይልቅ አስረዝሞ ቆላው። ካፓሲተር ማለት ግን ሆዱ ፈሳሽ የያዘ ጣሳ ነው፤ ሲፈላ መውጫ ይፈልጋል። አንዱ ፈነዳ፤ ተከታዩ ፈነዳ፤ ከዚያ እንደ ፈንዲሻ ተንጣጡ። አንደኛው ኮርኒሱን በሳው። ወለተ ሰንበት ማን ተኮሰ ብላ ከጎረቤት ሮጣ መጣች፤ ምጣዱን ስታይ መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ከአሸዋው ውስጥ ስብርባሪውን በወረንጦ ይለቅም ነበር።

እሷም እኔም ምስጋናው ዘንድ ሂድ አልነው። እንጨት ሸጬ ብኖር ይሻለኛል አለ። ስብሰባው እየቀረበ ሲመጣ ግን፣ ኀሙስ ዕለት፣ ሞንታርቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። እዚያ የሆነውን የነገረኝ ምስጋናው ነው።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ይግቡ» ብሎ ተነሣለት። ዕቃውን ተቀብሎ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገውና ከዳር እስከ ዳር አየው።

«ቆልተውታል?»

«አሙቄዋለሁ።»

«አሸዋ አለበት እኮ፣ ጋሼ።»

«አቧራ ነው። ያለነው አቧራ አገር ነው።»

ምስጋናው አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ እንዳላማው ዕቃውን አንሥቶ ይወጣ ነበር። የመጀመሪያው ብልሽት አንዲት የተሰነጠቀች ብየዳ ብቻ እንደነበረች፣ ሌላው ሁሉ የምጣዱ ሥራ እንደሆነ በለሆሳስ ነገረው። ስንጥቋን እዚያው በሙቅ አየር አቅልጦ ዘጋት። የፈነዱትንም እስከ ማታ እጨርስልዎታለሁ አለ። እንዳላማው እምቢ አለ፤ ቃል የገባሁት በእጄ ነው፣ አሳየኝና ማሽኑን አውሰኝ አለው። ምስጋናው ወንበሩን ለቀቀለትና ማይክሮስኮፑን አስተካከለለት። ጤፍ የሚያህሉት ዕቃዎች ባቄላ አህለው ታዩት፤ በላያቸው የተጻፈው ሳይቀር ይነበባል። እንዳላማው ዓይኑን ሳያነሣ ቆየ።

«እነዚህን ነው እኔ በጨለማ ስደበድብ የኖርሁት?» አለ።

ምስጋናው ከመሳቢያው አዲስ ካፓሲተሮች አወጣ። ካፓሲተሮቹን ቆጥሮ ሰጠው፤ ቅዳሜ ለራሱ ሥራ ስለሚያስፈልገው ማሽኑን ዓርብ ሱቅ ሳይዘጋ እንዲመልስለት ብቻ ለመነው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከሥር በማሽኑ እያሞቀ፣ ከላይ በመበየጃው እየነካ፣ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ተከላቸው። ብየዳው ደብዛዛ በሆነ ቁጥር ያልበሰለ ይመስለዋል፤ ደግሞ ያሞቀዋል፤ ደግሞ ራሱን ይሰድባል። የመጨረሻው ካፓሲተር አንድ እግር ወፍራሙ አሉሚኒየም ያለበት ዳር ላይ ነው። ያቺ እግር እምቢ አለች። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ብደርስ ፀሐይ ሳለ ጋቢ ደርቦ ነበር፤ ብርዱ ነው አለኝ። ልርዳህ፣ መብራት ልያዝልህ ብለው፣ አንቺ ወረቀትሽን ያዢ ብሎ ተቆጣኝ። ትንሽ ቆይቶ መበየጃውን ነቀለና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ማሽኑን በወለተ ሰንበት ነጠላ ጠቅልሎ አቀፈው። በባጃጅ ሂድ ብትለው፣ የሰው ዕቃ አላንገጫግጭም ብሎ በእግሩ ወጣ።

ምስጋናው ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረሰ።

«አንዲት እግር ቀርታለች» አለው።

«ልምጣና ልጨርሳት፣ ጋሼ?»

«ቤቴ አትመጣም። እሑድ ስብሰባው ላይ ቀድመህ ና። ቆላሁት ብዬ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አበባው አሳምሮ ሳይናገርብኝ። ከዚያ አንተ እዚያው ፊታቸው ትበይዳታለህ።»

«ወንበሩስ?»

«ትቀመጥበታለህ። ይቆረቁራል፤ አላስጠነቀቀኝም እንዳትል።»

ምስጋናው ማሽኑን ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ ሊያስቀምጠው ሲል እንዳላማው እጁን ያዘው። ሰክተህ ሞክረው፣ ከእኔ ቤት ተበላሽቶ መጣ እንዳይባል አለው። ምስጋናው ሰካው፤ አየሩ መጣ፤ ሞቀ። እንዳላማው መዳፉን ከፊቱ አድርጎ ሙቀቱን ለካና ደህና ነው አለ። ነጠላውን አራግፎ አጠፈው፤ በብብቱ ያዘና በመጣበት መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ።